የደረጃው ቦታ ባዶ ነው

ውድ እታለም፣

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ማኅተም አለው፤ ግልባጭ ለአስተዳደር፣ ግልባጭ ለግል ማህደር። «ከላይ በርእሱ እንደተጠቀሰው» ብለሽ ጀምረሽ «ከሰላምታ ጋር» ብለሽ ዘጋሽው። ፀጉሬን እየጎነጎንሽ ያሳደግሽኝ እህቴ እንዲህ ጻፍሽልኝ! መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ በገንኩ። ንዴቱ እስኪበርድልኝ ብጠብቅ ደግሞ ዓመት ይሞላኛል፤ ስለዚህ እንደነደደኝ እጽፍልሻለሁ። ግቢ ውስጥ ስድስት ዓመት «እርስዎ» ብዬሻለሁ፤ አንድም ቀን ዳይሬክተሯ እህቴ ናት ብዬ ደረቴን ነፍቼ አላውቅም። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «አንቺ» ነሽ፤ አትቀየሚኝ።

ትእዛዝሽ ግልጽ ነው። ከስብሰባሽ ዓርብ ማታ ስትመለሺ የሠላሳ አንዱም ልጆች ካርድ ደረጃው ተሞልቶ ጠረጴዛሽ ላይ እንዲጠብቅሽ፤ ካልሆነ ሥራዬን በፈቃዴ እንደለቀቅኩ ይቆጠራል። እሺ፣ ካርዶቹ ጠረጴዛሽ ላይ ናቸው። ጫማ ማሰር፣ ተራ መጠበቅ፣ የሰሙትን ተረት መልሶ መንገር፣ አንድም የቀረኝ የለም። የደረጃው ቦታ ብቻ ባዶ ነው። ረስቼው እንዳይመስልሽ። አልሞላውም ብዬ ነው።

«ባለፈው ሴሚስተር ታዲያ ለምን ሞላሽው?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። ሞላሁ። ጥፋቴ እሱ ነው፤ አንቺ የጻፍሽብኝ ጥፋት አይደለም።

ቆጣሪን ታውቂያታለሽ፤ ያቺ የአራት ዓመት ከመንፈቋ፣ የልብስ ሰፊው ልጅ። ስሙን ያወጣላት ጥበቃው ነው። ጠዋት ስትገባ የካፖርቱን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ሳትቆጥር አታልፈውም ነበር። «የመብራት ቆጣሪ እንኳ አንዳንዴ ያርፋል፣ እሷ አታርፍም» ይል ነበር እየሳቀ። አባቷ ሱቅ ውስጥ በክርና በቁልፍ መሀል ስላደገች ቁጥር ከአፏ አይጠፋም። መጻፍ ላይ ግን የለችበትም። እርሳስ የምትጨብጠው እንደ ማንኪያ ነው። የኛ ፈተና ደግሞ ወረቀት ነው፤ ነጠብጣቡን ተከትለሽ አምስት ቁጥርን ጻፊ፣ አሥር ጊዜ ድገሚ። እሷ አንዷን ጻፈችና ነጠብጣቦቹን ትቆጥር ጀመር። እየቆጠረች ደወል ተደወለ። እኔም ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ደመርኩ፣ አካፈልኩና በቀይ እስክሪብቶ 31ኛ ብዬ ጻፍኩባት።

የካርድ ቀን «ስንተኛ ነኝ?» አለችኝ። ነገርኳት። እታለም፣ ልጅቷ በደስታ የምትሆነውን አጣች! ግቢውን በሩጫ አቋርጣ የአባቷን ጉልበት አቀፈችና «አባዬ፣ ሠላሳ አንድ አገኘሁ! ሠላሳ አንድ! እሱ እኮ አንድ ብቻ ነው ያገኘው!» አለች፣ ዋንጫ ወደያዘው ልጅ እየጠቆመች። ወላጅ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አንቺም ስቀሻል፣ አይቼሻለሁ። እኔም ፈገግ ብያለሁ፣ አልዋሽም። አባቷን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። «ዝም በይ! ሰው ፊት አታዋርጂኝ» አላትና እጇን ይዞ ወጣ።

እስቲ አስቢው። ከሠላሳ አንድ ልጆች መካከል ሠላሳ አንድ ከአንድ እንደሚበልጥ ሳታወላዳ ያወቀችው እሷ ናት። ጭራ ያወጣናትም እሷን ነው።

ከእረፍት ስትመለስ መቁጠር ተወች። «ስንት ኩባያ አለ?» ስላት «አንድ»። አምስት ጣቶቿን ዘርግቼ ስጠይቃት «አንድ»። ጥበቃው ካፖርቱን ግጥም አድርጎ ቆልፎ «ነይ እንጂ፣ ቁጠሪኝ» ቢላት አየት አደረገችውና «አንድ ነው» ብላ አለፈች። ትልቁ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ አኩርፎ ዋለ። «ልጅቷን ምን አደረጋችኋት?» አለኝ ማታ ስወጣ።

ማንበቤን እንደ ቅብጠት ስለምታዪው ነው ይሄን ሁሉ የምነግርሽ። «ደግሞ መጽሐፍ አንብበሽ እኔን ልታስተምሪ ነው?» ብለሽኛል፣ በመምህራን ስብሰባ ላይ፣ ሁሉም እየሰማ። አዎ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥልጠና የሄድኩት፣ ከመንገድ ዳር ሻጭ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ለቅሜ በምሳ ሰዓት የጥበቃው አግዳሚ ላይ የማነበው የዚህን ሰውዬ ጥያቄ መመለስ ስላቃተኝ ነው። ልብ ወለድም አነባለሁ። እንባዬ ሲመጣ ጥበቃው «አሁን ደግሞ ማን ሞተ?» ይለኛል። እኔ እንጃ፣ የሰው ሆድ ውስጥ ያለውን ለማወቅ ሌላ መንገድ አላገኘሁም። ከዚያ ሁሉ ንባብ የገባኝ ነገር ደግሞ አዲስ አይደለም፤ ልጅ ቁጥርን መጀመሪያ የሚያውቀው በእጁ ነው፣ ወረቀት በኋላ ይደርሳል። ይሄን ልብስ ሰፊውም ያውቀዋል።

ሱቁ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ስፌቱን ሳያቆም «መምህርት፣ እኔም ስማር ጭራ ነበርኩ» አለኝ። «ያን ቀን የተቆጣሁት በሷ አይደለም። የኔ ዕጣ ወጣባት ብዬ ደንግጬ ነው።» ከዚያ ተነሣና ጓደኛ የሌላቸው ቁልፎች የሞሉበት ቆርቆሮ ሰጠኝ። አንቺ «ይሄ ኮተት ከክፍል ይውጣልኝ» ያልሽው ቆርቆሮ እሱ ነው። ልጆቹ በእጃቸው እንዲቆጥሩ ካስገባሁት የአሸዋ ገበታና ከኩባያዎቹ ጋር እስካሁን እዚያው አለ። አላወጣሁትም።

አንቺ ደግሞ እንዲህ አልነበርሽም። አራተኛ ክፍል ሆኜ ጭራ የወጣሁ ቀን ሽንት ቤት ተደብቄ ስነፋረቅ ያገኘሽኝ አንቺ ነሽ። የራስሽ ካርድ ላይ አንደኛ ተጽፎ፣ እሱን ለማንም ሳታሳዪ ሁለቱንም ካርዶች ደብተርሽ ውስጥ ከተሻቸው፤ ለእማዬ «ገና አልተሰጠንም» ብለሽ ዋሸሽልኝ። አፍንጫዬን በሹራብሽ እጅጌ ጠርገሽ «ይሄ ወረቀት አያውቅሽም» አልሽኝ። በዚያች ቃል ነው ያደግኩት። መምህር የሆንኩትም በሷ ነው። ይሄን አንድም ቀን ነግሬሽ አላውቅም፤ አሁን ተናድጄ ወጣልኝ።

ጭንቀትሽ አይገባኝም እንዳትይ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት እስከ አሥረኛ ዋንጫ ያድላል። ወላጅ መጥቶ የሚጮኸው አንቺ ቢሮ ነው፤ እኔ ክፍሌን ዘግቼ እዘፍናለሁ። እውነትሽን ነው። እንግዲያው የሚጮኸውን ሁሉ ወደ እኔ ላኪው! ስለ እያንዳንዱ ልጅ የጻፍኩት ደብተር አለኝ፤ ማን ማንን እንዳባበለ፣ ማን ስንት ጊዜ ወድቆ ዚፑን ራሱ እንደዘጋ። ቅዳሜ፣ የካርድ ቀን፣ በሩ ላይ ቆሜ ለሁሉም አባትና እናት እነግራለሁ። «ስንተኛ ነው?» የሚለኝንም በትዕግሥት እመልስለታለሁ። እስኪመሽም ቢሆን።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። ማክሰኞ ዕለት ቆጣሪ አሸዋው ገበታ አጠገብ ብቻዋን ተቀምጣ ቆርቆሮውን ደፋችው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ አሸዋው ላይ እየተከለች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጠጋ አልኩ። በሹክሹክታ «አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት» ትላለች። ቀና ስትል አየችኝና ቀጥ አለች። እቆጣ እንደሆን ዓይን ዓይኔን ታያለች፤ እኔን! እንባዬ ስለመጣ ዞር ብዬ መደርደሪያ የማስተካክል መሰልኩ። ከጀርባዬ ቁልፎቹ ኮሽ አሉ። ከዚያ «አሥራ አራት» ስትል ሰማሁ።

አራት ወር ፈጀብኝ፣ እታለም፣ ያቺን አሥራ አራት ለመስማት። የዚህን ሴሚስተር ውጤትም ደምሬ አይቻለሁ፤ ያው ወረቀት፣ ያው ነጠብጣብ፣ ያው ጭራ። ያንን ቁጥር ደግሜ ብጽፍባት ድምጿ እንደገና ይጠፋል፤ ያኔ ተመልሶ ይምጣ አይምጣ መጽሐፍም አይነግረኝም።

ስለዚህ ቁርጡን ልንገርሽ። ሥራዬን አለቅም። ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ክፍሌ ነኝ። ማባረር ከፈለግሽ በራስሽ አንደበት ታባርሪኛለሽ እንጂ በፈቃዴ ለቀቀች የሚል ወረቀት አልፈርምልሽም። ዳይሬክተሯ ብታባርረኝም እሁድ እህቴ ቤት ለምሳ መምጣቴ አይቀርም፤ እዚያም ይሄንኑ ደግሜ አፍ ለአፍ እነግርሻለሁ፤ ምግብሽም ቢበርድ ግድ የለኝም።

ደረጃው የግድ መጻፍ አለበት ካልሽ ከካርዶቹ በላይ እስክሪብቶ አስቀምጬልሻለሁ። አንቺው ሙዪው። ያኔ ግን የቆጣሪን ካርድ ቅዳሜ አንቺው ስጪያት፤ በሰው እጅ እንዳትልኪው። «ስንተኛ ነኝ?» ብላ ትጠይቅሻለች። አሁን ሠላሳ አንደኛ ምን ማለት እንደሆነ ገብቷታል። በርከክ በይና ዓይኗን እያየሽ ንገሪያት።

እምቢ ያለችሽ ታናሽ እህትሽ