የአይነኬ መንገድ፤ ከሰዓት ሠሪው ሱቅ እስከ ቤተ ሙከራው

ተማሪዎቻቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው «አይነኬ» እያሉ ይጠሯቸው የነበሩት ወንድማችን፣ ከሰዓት ሠሪው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ተወለዱ። የተወለዱባት ክፍል ከአባታቸው ሱቅ በስተጀርባ ነበረች። በአንድ ወገን የግድግዳ ሰዓቶቹ፣ በሌላ ወገን የእናታቸው የስፌት መኪና ሲንኳኩ ይውላሉ፤ ሕፃኑ የሚያለቅሱት ሁሉም ዝም ሲል ነበር። ወገኖቼ፣ ይህን እንድጽፍ ቤተሰቡ ያዘዘኝ እኔ ታላቅ እህታቸው ነኝ። አዝዬ ያሳደግሁትን ልጅ አንቱ ብሎ መጻፍ ይከብዳል፤ ግን የቀኑ ወግ ነውና እንደምንም እዘልቀዋለሁ።

ገና ፊደል ቆጥረው ሳይጨርሱ፣ ከተሰበረ ሬዲዮ ውስጥ ማግኔት ፈልቅቀው አወጡ። ሚስማሩን፣ መርፌውን፣ የእናታቸውን መቀስ ሳይቀር ሲያስነሡበት ዋሉ። ይህስ ደግ ነበር። ማግኔቱን እንደያዙ አባታቸው ጠረጴዛ ላይ ሲንጠለጠሉ ግን፣ ተጠግኖ ባለቤቱን ይጠብቅ የነበረው የአንድ ዳኛ ሰዓት አበደ፤ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ ይሮጥ ጀመር። ዳኛው በማግስቱ ተመልሰው፣ «ሰውዬ፣ ሰዓቱን ጠግንልኝ አልኩህ እንጂ ዕድሜዬን አሳጥርልኝ አልኩህ?» አሉ። ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። አባታቸው ልጁን አልመቱም። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ በሰዓቱ ሆድ ውስጥ ያለችውን እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥምዝ ሽቦ በብረት ወረንጧቸው ጫፍ እያሳዩ፣ «አየህ፣ ሳትነካት ነው ያሳበድካት» አሏቸው። ወንድማችንም «ሳልነካት እንዴት?» ብለው ጠየቁ። ያ ጥያቄ ነው እንግዲህ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስኬዳቸው የኖረው።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤቶች ተከታትለው በ1964 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በዚያው ዓመት አባታቸው በድንገት አረፉ። ሱቁ ተሸጠ፤ ሰዓቶቹ ለየባለቤቶቻቸው ተመለሱ። ወንድማችን ከአባታቸው ዕቃ መርጠው ያስቀሩት ያችን ወረንጦ ብቻ ነው። በ1968 ዓ.ም. በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በማዕረግ ከተቀበሉ በኋላ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር ሆኑ። ቀጥሎም ለከፍተኛ ትምህርት ባሕር ማዶ ተልከው፣ በ1977 ዓ.ም. የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። ወረንጦዋም አብራ ሄዳ አብራ ተመለሰች።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት በተመለሱበት ዓመት ነው። ባለቤታቸው ከዩኒቨርሲቲው አጥር ፊት ለፊት ባለው መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ነበሩ። ወንድማችን ለቤተ ሙከራቸው ማጽጃ የሚሆን ንጹሕ አልኮል በጠርሙስ በጠርሙስ ሲወስዱ ባለመድኃኒቷን አሳሰባቸው። «ወንድሜ፣ ይህን የምትጠጣው ከሆነ እኔ ሁለተኛ አልሸጥልህም» አሏቸው።

«ኧረ የማጥብበት ነው!»

«ምን ልታጥብበት?»

«በዓይን የማይታይ ነገር።»

«እንግዲያው ጠጥተኸዋል ማለት ነው» አሉና መደርደሪያውን ቆለፉት። ወንድማችን ጠጪ አለመሆናቸውን ለማስረዳት ቤተ ሙከራቸውን አስጎበኟቸው፤ በ1979 ዓ.ም. ተጋቡ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው በፍቅር አሳደጉ።

ሥራቸው ምን እንደነበር ብዙዎቻችሁ ትጠይቃላችሁና፣ እኔ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። አንድ ቀን እንዲህ ብለው አስረዱኝ፦ «እትዬ፣ በተጨናነቀ ሰልፍ መሐል የቆመ ሰው በአራቱም ወገን ጎረቤት አለው። ጠርዝ ላይ የቆመው ግን በአንድ ጎኑ ባዶ ነው፤ ስለዚህ ጠባዩ ይለያል። ብረትም እንዲሁ ነው። እኔ የማጠናው ጠርዝ ላይ የቆሙትን፣ የገጹን ቅንጣቶች ነው።» እያንዳንዷ ቅንጣት እንደ ትንሽ ማግኔት ናት፤ ውስጥ ያሉት ወደ አንድ ወገን ሲያዩ፣ ገጹ ላይ ያሉት ወዴት ያያሉ? ነገሩ ይኸው ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ገጹ ንጹሕ መሆን አለበት፤ እኛ ንጹሕ የምንለው ዓይነት ንጹሕ አይደለም። አየሩ ተመጥጦ የሚወጣለት ትልቅ የብረት ጋን ነበራቸው። እርጥበቱ ተንኖ እንዲያልቅ በፎይል ጠቅልለው ለቀናት ያግሉታል። አንዴ ምሳ ላደርስላቸው ሄጄ ያን የተጠቀለለ ነገር ሲያጋግሉ አገኘኋቸውና «ምን እየጋገርክ ነው?» ብላቸው፣ «ባዶነት» አሉኝ። የጣት ቅባት አንዲት ጠብታ ብትገባ የወራት ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ በሩን የከፈተ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው «አይነካም!» የሚለውን ድምፃቸውን ነው። ቅጽል ስማቸው የወጣው በዚህ ነው።

በ1986 ዓ.ም. ትልቅ ነገር ሆነ። ከዶክትሬት ተማሪያቸው ጋር፣ ማግኔት የማይስበውን አንድ ማዕድን በጥቂት ቅንጣት ውፍረት ብቻ በመስታወት ላይ ቢያነጥፉት፣ ማግኔት ሆኖ አገኙት። ግኝቱ በታወቀ የሳይንስ መጽሔት ወጣ። የእንኳን ደስ ያለህ ስልክ ከሩቅ አገር ሁሉ ተደወለ። ዩኒቨርሲቲውም የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሊሰጣቸው ዝግጅት ጀመረ። ከሁሉም የተደሰቱት እናታቸው ነበሩ። እናታቸው «ተባባሪ ፕሮፌሰር» የሚለውን ማዕረግ አይወዱትም ነበር፤ «ከማን ጋር ነው የምትተባበረው? የሌባ ነው የሚመስለው» ይሉ ነበር። አሁን ያ ስም ሊቀር ነው። ዓይናቸው ቢደክምም ጥሩ ጥቁር ሱፍ ገዝተው፣ ለማዕረጉ ቀን የሚለበስ ሙሉ ልብስ በእጃቸው ሰፉ። የሱሪውን ጫፍ ብቻ «ቀኑ ሲቆረጥ አስተካክዬ እሰፋዋለሁ» ብለው ተዉት።

ቀኑ ሳይቆረጥ አንድ ነገር ተፈጠረ። ወንድማችን የባለቤታቸውን የእጅ ሰዓት ሊጠግኑ ያችን የአባታቸውን ወረንጦ ከቤተ ሙከራው ይዘው ወደ ቤት መጡ። በዚያ ሳምንት ተማሪያቸው ናሙናዎቹን የምታነሣው በፕላስቲክ ወረንጦ ነበር፤ ማግኔትነቱም ጠፋ። ናሙናው ተበላሽቶ ነው ብለው እንደገና ሠሩት፤ አሁንም የለም። ወረንጦዋ ወደ ቤተ ሙከራው ስትመለስ ማግኔትነቱም ተመለሰ። ያን ጊዜ ገባቸው። ጋኑን ሲያጥቡ፣ አየሩን ሲያስወጡ፣ ጓንት ሲያጠልቁ ኖረው፣ ናሙናው ከጋኑ ከወጣ በኋላ ጠርዙን ይይዙበት የነበረው የሰዓት ሠሪው ብረት ወረንጦ በዓይን የማይታይ የብረት ብናኝ ይተውበት ነበር። ማግኔት የሆነው ማዕድኑ አልነበረም፤ ብናኙ ነው። ተማሪያቸው እያለቀሰች «መምህር፣ ለካ የአባትዎ ወረንጦ ናት» ብትላቸው፣ «አባቴ ሰዓት ነው የሠራባት። እዚህ ያመጣኋት እኔ ነኝ» አሏት።

በዚያን ቀን ራት ላይ እኔም ነበርሁ። ባለቤታቸው ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ ጠየቁ።

«ከእናንተ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ልጅቷ ታውቃለች።»

«እሷ እኮ መመረቂያዋ ነው። ትናገራለች ብለህ ነው?»

«አትናገርም። የሚያስፈራኝ እሱ ነው» አሉ። ሳህናቸውንም ገፋ አደረጉት።

በማግስቱ ለመጽሔቱ ጽፈው ግኝቱን በይፋ ሰረዙ፤ ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ እንደሆነ፣ ተማሪያቸው የለካችው በትክክል እንደሆነም ገለጹ። የማዕረጉ ነገር ቀረ። በመምህራን ሻይ ክበብ «ዶክተር፣ ዛሬስ ማንኪያው ማግኔት ሆነ ወይ?» እያሉ የቀለዱባቸው ነበሩ። እሳቸውም «ገና አልለካሁትም» እያሉ ሻያቸውን ያማስሉ ነበር። ሳቁ ግን እስከ ቤት አልዘለቀም። ልጆቻቸው እንደሚያስታውሱት፣ በዚያ ዓመት ፊታቸውን ወደ መስኮት አዙረው ነበር የሚቀመጡት። እሳቸውም ጠርዝ ላይ ቆሙ።

ለእናታቸው መንገር ከሁሉ ይልቅ ከበዳቸው። ሄደው አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው ነገሯቸው። እናታችን «ሞኝ ነህ» አሉ። ቀጥለውም፣ «እኔስ ብሆን? ስፌት ተጣሞ ካየሁ ደንበኛው ባያውቀውም ተርትሬዋለሁ። መተርተር ያደክማል እንጂ አይገድልም። ልብሱ ይቆይ፣ ይደርሳል» አሉ። አልደረሰላቸውም። በ1988 ዓ.ም. እናታችን የፕሮፌሰር እናት ሳይባሉ አረፉ። ወንድማችን በሌላ ነገር ሲቆጩ አላየሁም፤ በዚህ ግን እስከ መጨረሻው ተቆጭተዋል።

ከዚያ በኋላ ተማሪያቸውና እሳቸው ሥራውን ከዜሮ ጀመሩት። ልጅቷ ዘግይታም ቢሆን በ1991 ዓ.ም. ተመረቀች፤ ዛሬ የዚያ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ናት። ወንድማችንም የብረት ገጽ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ማግኔትነቱ ከውስጡ ቀድሞ እንዴት እንደሚደክም ለዓመታት እየለኩ፣ ጋዜጣ የማያወራለትን ነገር ግን የማይሰረዝ ሥራ ሠሩ። ወረንጦዋ ቤት ቀረች። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እሾህ ሲወጋው ወደ እሳቸው ይመጣል፤ እሳቸውም «ና እስቲ፣ ማዕረግ የነቀለች ወረንጦ እሾህ አያቅታትም» እያሉ ያወጡለት ነበር።

በ2001 ዓ.ም. የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው። በዚያ ቀን ጠዋት እናታቸው የሰፉትን ልብስ ከሣጥን አወጡት፤ ኮቱ ግን አልቆለፍ አለ። ባለቤታቸው «ቦርጭህ ከማዕረግህ ቀድሞ ደረሰ» ብለው ሁሉንም አሳቁ። ወንድማችንም ሳቁ፤ ከዚያ ልብሱን ራሳቸው አጣጥፈው መለሱት። ማዕረጉን የተቀበሉት በሹራብ ነው።

ጡረታ ከወጡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ቅንጣት ይይዝ የነበረው እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሞች የነርቭ ሕመም ነው አሉ። በመጀመሪያ ወረንጦዋን፣ ቀጥሎ ብዕሩን፣ በኋላም ማንኪያውን አስቀመጡ። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ቀንና ሌት ሳይሰለቹ አስታመሟቸው። ባለፈው ወር የቀድሞ ተማሪያቸው ልትጠይቃቸው መጥታ፣ እንደ ድሮው ተጨንቃ ከአልጋው ራቅ ብላ ቆመች። ወንድማችንም ያን የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ነይ፣ ያዢኝ። አሁን ይነካል» አሏት። እጃቸውን በእጆቿ መሐል ይዛ ብዙ ተቀመጠች፤ እስክትለቅቀው ድረስ አልተንቀጠቀጠም።

ወንድማችን ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ፣ በቤታቸው፣ በባለቤታቸው እጅ ላይ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው አረፉ።

ልጆቼ፣ ይህን ሳልነግራችሁ ብቀር ሆዴ አይችልም። ሕመሙ አክስቷቸው ነበርና፣ ያ ጥቁር ልብስ ትናንት ስናለብሳቸው ልክ ሆናቸው። ኮቱ ተቆለፈ። የሱሪው ጫፍ እናታችን እንደተዉት ነበር፤ እኔ ሰፋሁት። ዓይኔ ደክሟል፣ እንደ እሳቸው ስፌት አልቀናልኝም፤ ግን ልብሱ ደርሷል። ዛሬ የምንሸኛቸው የፕሮፌሰርነታቸውን ልብስ ለብሰው ነው።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውንና ወንድ ልጃቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ እህታቸውንና በየአገሩ ያሉ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ለደገፋችሁን፣ ዛሬም ሐዘናችንን ልትካፈሉ ለመጣችሁ ሁሉ ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈልልን።

ፈጣሪ ሆይ፣ በንጹሕ እጅ የሠሩትን አንተ በሩኅሩኅ እጅህ ተቀበላቸው። እናታችንም በዚያ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ፣ ልብሱን አይተው ይወቋቸው። አሜን።