ጣት ተኩል ትርፍ ለአሮጌ መኪና

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፣

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ደጃፍዎ ይድረስ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ዓይንዎ አሁንም ክርና መርፌ ያገናኛል ወይስ እህቴ ናት የምታስገባልዎ? እማዬ ጉልበቷ ተሻላት? ጎረቤታችን ጫማ ሰፊውስ የተዋሰውን መቀስ መለሰ ወይስ ዛሬም እንደተኳረፋችሁ ናችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁና ከግራ አውራ ጣቴ በስተቀር ደህና ነኝ። የአውራ ጣቴን ነገር እደርስበታለሁ።

አባባ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ፤ እባክዎ ተቀምጠው ያንብቡት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጋራዥ እሠራለሁ ብዬ የጻፍኩልዎ እውነት ነው። ሞተር እፈታለሁ ያልኩት ግን ውሸት ነው። እዚህ እንደመጣሁ ጋራዡ ያስሞላኝ ቅጽ «የአባት ሥራ» ይል ነበርና «ልብስ ሰፊ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ይህን አንብቦ ክንዴን ያዘና፣ በሞተሮቹ መሃል አሳልፎ ጓሮ ካለችው ክፍል፣ የስፌት ማሽን ፊት አስቀመጠኝ። ከእንግዲህ መርፌ ብይዝ እጄ ይቆረጥ ብሎ ከቤት የወጣው ልጅዎ ከዚያን ቀን ጀምሮ የመኪና ወንበር ይሰፋል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ!

አለቃዬን ከኋላው «ሚሊሜትር» እንለዋለን። ወንበሩን እንኳ ከግድግዳው በማስመሪያ ለክቶ የሚቀመጥ ሰው ነው። ባለፈው ወር ጡረታ የወጡ አንድ የጥርስ ሐኪም የጥንት የስፖርት መኪናቸውን ይዘው መጡ። ቀይ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ በዕድሜ ታላቄ የሆነች መኪና ናት። ጣሪያዋ ብረት ሳይሆን ወደ ኋላ የሚታጠፍ ሸራ ነው፤ እሱም እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። ሐኪሙና ባለቤታቸው የተጋቡበትን አርባኛ ዓመት ሲያከብሩ በዚያችው መኪና ጎን ለጎን ተቀምጠው መሄድ አምሯቸዋል። ሚሊሜትር አዲሱን ጣሪያ ለእኔ ሰጠኝ። ካማረልኝ የስፌት ክፍሉ ኃላፊ እንደምሆን፣ ካበላሸሁት ግን ሸራው ከሩቅ የመጣ ስለሆነ ሌላ እንደሌለ፣ እኔም እንደማልኖር ነገረኝ።

ጣሪያውን የሚሸከሙትን ብረቶች አንድ በአንድ ለካሁ፤ ጻፍኩ፤ ደግሜ ለካሁ። ከዚያ ጠመኔውን ሳነሳ፣ አባባ፣ እጄ አለቃዬን ትቶ እርስዎን ሰማ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዩኒፎርም ሲቆረጥ «ጣት ተኩል ተውለት፣ እንዲያድግበት» ሲሉኝ አይደል ያደግኩት? እኔም በየጎኑ ጣት ተኩል ተውኩላት። ሳላስበው ነው። አራት ቀን እያፏጨሁ ሰፋሁት።

ረቡዕ ዕለት ሐኪሙና ባለቤታቸው ሊያዩ መጡ። ጣሪያውን ስናለብሳት መኪናዋ የታላቅ ወንድሟን ኮት የደረበች መሰለች። ሐኪሙ እየነዷት ግቢውን አንድ ጊዜ ሲዞሩ ነፋስ ገባበትና እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ባለቤታቸው ሳቃቸውን በመሃረብ ያዙ። ሚሊሜትር ግን ሸራውን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ይህ ምንድን ነው ሲለኝ፣ አፌ ቀደመኝና «እንድታድግበት ነው» አልኩት። ዕድሜዋ ስንት ነው አለኝ። አምሳ ሁለት አልኩት። በአምሳ ሁለት ዓመቷ ምን ያህል ታድጋለች ብለህ ትገምታለህ አለኝ። የሞተር ክፍል ሠራተኞቹ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ።

እስከ ዓርብ ካላስተካከልኩት ዕቃዬን ይዤ እንድሄድ ሲነግረኝ ሳቁ ቆመ። አባባ፣ አልደብቅዎትም፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ዘጠኝ ዓመት የጠላሁትን ሥራ መውደዴ የገባኝ ሊነጥቁኝ ሲሉ ነው።

የማሽኑን ስፌት መፍታት አይሆንም፤ ባዶ የሚቀረው የመርፌ ቀዳዳ ዝናብ ያስገባል። ስለዚህ የእርስዎን ዘዴ ያዝኩ፤ ሳልቆርጥ ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፌ፣ የውጪውን ፊት ሳልበሳ በእጅ መስፋት ጀመርኩ። ክሩን ሰም እየቀባሁ፣ ጭንቅላቴ ከመሪው ሥር፣ እግሬ በበሩ ወጥቶ፣ ሁለት ቀን በጀርባዬ ተኛሁ። ዕቃ ሊያደርስ የመጣ ሰውዬ ከጫማዬ ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ፣ ደረሰኙን እግሬ ሥር ትቶ ሄደ። አውራ ጣቴንማ መርፌው ስንት ጊዜ እንደጎበኘው አይጠይቁኝ። ዓርብ በቀትር መኪናዋን ፀሐይ ላይ አወጣሁና ሸራው ሲለሰልስ ወጠርኩት። በጣቴ ብመታው እንደ ከበሮ ጮኸ።

ሚሊሜትር የውሃ ጎማ ይዞ መጣና ውስጥ ገብተህ ተቀመጥ አለኝ። ፍርዱ በራሴ ላይ እንዲወርድ መሆኑ ነው። ሩብ ሰዓት አዘነበብኝ። ግራ ክንዴ በሰበሰ፤ ለካ መስኮቱን መዝጋት ረስቻለሁ። ከጣሪያው ግን አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

ከዚያ ውስጡን ዳሰሰና ትርፉን ለምን እንዳልቆረጥኩት ጠየቀኝ። ሸራ በዕድሜና በብርድ እንደሚያጥር፣ አሮጌውም አጥሮ ሲወጠር እንደተሰነጠቀ፣ ይኼኛው ሲያጥር ግን የውስጡን ክር ፈትቶ መልቀቅ እንደሚቻል ነገርኩት። መኪናዋ ባታድግም ልብሷ ያንሳታል አልኩት። ደብተሩን አውጥቶ፣ ጣት ተኩል ስንት ሚሊሜትር ነው አለኝ። ጣቴን ሊለካ እጄን ሲይዝ፣ በእኔ ጣት ሳይሆን በአባቴ ጣት ነው አልኩት። እናም አዲሱ የስፌት ክፍል ኃላፊ ልጅዎ በአለቃው ትእዛዝ ይለምንዎታል፤ ጣትዎን ወረቀት ላይ አስቀምጠው በእርሳስ ከበው ይላኩልን። ግድግዳው ላይ ቦታ ተዘጋጅቶለታል።

ቅዳሜ ሐኪሙ ሁላችንንም ምሳ ጠሩን። የምለብሰው ቸግሮኝ ሻንጣዬን ስገለብጥ፣ ስመጣ የሰፉልኝ ግራጫ ኮት ከሥር ተገኘ። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ እርስዎ ግን ታድግበታለህ ብለው ሲያለብሱኝ ሁለቱም እጆቼ እጅጌው ውስጥ ጠፉ። አፍሬበት አንድ ቀን እንኳ ሳልለብሰው ዘጠኝ ዓመት አስቀመጥኩት። ይቅር ይበሉኝ። ቅዳሜ ለበስኩት። ትከሻው ልክ ነው። እጅጌው ልክ ነው። ሆዴ ላይም ተቆለፈ፤ ሆድ ማውጣቴን በዚሁ ይወቁልኝ። መስታወት ፊት ቆሜ በጣቴ ስለካው፣ አባባ፣ አሁንም ጣት ተኩል ትርፍ አለው።

እማዬን ሁለቱንም ጉልበቷን ይሳሙልኝ። እህቴ ክር ማስገባት ሰለቸኝ እንዳትል፤ እኔም በእሱ ነው የጀመርኩት። ጫማ ሰፊውን ሰላም ይበሉልኝ፤ መቀሱን ግን ይመልስ።

ልጅዎ፣
ልብስ ሰፊው

ከጋራዡ ጓሮ፣ ከስፌት ክፍል
ሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን