ከኋላ የተነሳ እጅ

ውድ ጋሼ፣

በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቴም ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁት። ፊት ለፊትማ ጭራሽ አልደፍርም። እህታችን ቤት አረፍ ባልክበት ይቺን ደብዳቤ አንብብልኝ፤ ሳትጨርሳት እንዳታስቀምጣት።

የእሁድ ጠዋት የብስክሌት ቡድናችን ሲመሠረት መሪው እኔ ብሆንም፣ ደንቡ ከሁላችንም በላይ የገባህ አንተ ነበርክ። ፊት የሚነዳው በእጁ ያሳያል፤ ጉድጓድ ሲያይ ወደ መሬት ይጠቁማል፣ ሊቆም ሲል መዳፉን ያነሳል፤ ተከታዩም ተቀብሎ ወደ ኋላ ያስተላልፋል። ከኋላ ወደ ፊት የሚሄደው ግን ድምፅ ነው፤ ጀርባው ላይ ዓይን ያለው ሰው የለማ! አንተም ሃያ ስድስት ዓመት የአውቶቡስ ረዳት ሆነህ ያሠለጠንከውን ጉሮሮ ይዘህ መጨረሻ ላይ ተሰለፍክ። "መኪና ከኋላ! ጠጋ በሉ! ኧረ አንተ ባለ ቀይ ሄልሜት፣ መንገዱን ገዝተኸዋል እንዴ?" ስትል ሰው በሳቅ ፔዳሉን ይስት ነበር። "ሬዲዮ" ብለው የሰየሙህ በፍቅር ነው።

ከዚያ የእኔ መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ተቀላቀለን። በሁለተኛው ሳምንት ጎኔ ተጠግቶ፣ "እኚህ ሰውዬ ትንሽ አያርፉም? ተሳፋሪ የሚጠሩ እኮ ነው የሚመስሉት" አለኝ። ወንድሜ ነው ማለት ነበረብኝ። በዚያ ጉሮሮ አሳድጎ ያስተማረኝ እሱ ነው ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን፣ ጋሼ፣ አብሬው ሳቅሁ።

ያን ቀን ውሃ ልንጠጣ ስንቆም፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ከዛሬ ጀምሮ በእጅ ብቻ! ጩኸት የለም፣ ገበያ አይደለም" ያልኩት ለቡድኑ አልነበረም። አንተም ገብቶሃል። የሄልሜትህን ማሰሪያ እያጠበቅህ፣ "እሺ አለቃ" አልከኝ። አለቃ ብለኸኝ አታውቅም።

ሦስት እሁድ ሙሉ ትንፍሽ አላልክም። በአራተኛው፣ ዳገቱ ላይ፣ ደረትህን ጨምድዶ ያዘህ። እኛ አናቱ ላይ ወጥተን፣ ፎቶ ተነስተን ስንቆጠር አንድ ሰው ጎደለ። ወርደን ስናገኝህ ዳገቱ ሥር ካለ ጎሚስታ ቤት በር ላይ ወንበር ይዘህ ተቀምጠህ፣ ላብህ ይንቆረቆር ነበር። ሐኪሙ ልብህ መሆኑን፣ ትንሽ ቀደም ብለህ ብትደርስ ጉዳቱ ይቀንስ እንደነበር ነገረን። እህታችን፣ "ምነው ብትጣራ?" ብላ ስታለቅስብህ፣ "ድምፄ እምቢ አለኝ" አልካት። ሁሉም አመነህ። እኔም ስለተመቸኝ አመንኩህ።

ባለፈው ሳምንት ጎማዬን ላስነፋ እዚያው ጎሚስታ ቤት ቆምኩ። ሰውየው አወቀኝ።

"እኚያ አባት ተሻላቸው? እኔማ እስካሁን ግርም ይለኛል" አለ። "እናንተ እየራቃችሁ፣ እሳቸው አንድ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ቆመዋል። ለማን ነው የሚያሳዩት ብዬ ዞሬ ሁሉ አየሁ። ከኋላቸው ሰው የለ፤ እናንተ ጀርባችሁን ሰጥታችኋል። ኋላ ወደኔ ዞረው 'ወንድሜ፣ ወንበር አለህ?' ሲሉኝ፣ የጎማ መንፊያው ሞተር እየጮኸ እንኳ ጥርት ብሎ ነው የሰማኋቸው።"

ድምፅህ አልከዳህም ነበር፣ ጋሼ። ያዘዝኩህን ነው የፈጸምከው። ከዚያም ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነህ እኔን ለማዳን ዋሸህ።

ትናንት ከመነሳታችን በፊት ለቡድኑ ሁሉንም ተናገርኩ። ሥራ አስኪያጁ፣ "ወንድምህ መሆናቸውን አላወቅሁም እኮ" አለኝ። "ከየት ታውቃለህ፤ የደበቅሁህ እኔ ነኝ" አልኩት። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። መሪነቱንም ለቅቄያለሁ። ይሄ ላንተ ምንም እንደማይፈይድልህ አውቃለሁ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ይቅር በለኝ ብዬ ሳልጨርስ ይቅር እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ የፈራሁትም እሱን ነው። "ደህና ነኝ፣ አትጨነቅ" ብለህ እንዳታልፈኝ። አጠገብህ አስቀምጠኝና፣ ያን ቀን መንገድ ዳር ብቻህን ቆመህ ጀርባዬን ስታይ ስለ እኔ ምን እንዳሰብክ ንገረኝ። ክፉም ቢሆን ንገረኝ።

ያፈረብህ ታናሽህ