የእማማ ዘይነባ ፊት በመናኸሪያው በር ላይ

ለ«ደስታ በየደጁ» የበዓል ማዕድ ማጋራት አስተባባሪ ኮሚቴ
ለክቡር ሰብሳቢው
መካነ ሰላም

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለኮሚቴው አባላት በሙሉ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በአንድ እጅዎ ዶሮ፣ በሌላው የዘይት ጀሪካን ይዘው ለፎቶ ሲቆሙ ስላየሁ ወገብዎ አሳስቦኛል። እንደ አገራችን ልማድ ከሁለቱም ወገን ዱዓ ተደርጎልዎታል፤ ጎረቤቴ ሙሐመድአሚን በመስጊድ፣ እኔም በትንሣኤው ቅዳሴ ላይ ለጀርባዎ ብርታትን ለምነናል።

እኔ አምላኩ የምባል፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለው የቆርቆሮ በረንዳ ላይ የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስሜን ባያስታውሱት እንኳ ሥራዬን ያውቁታል፤ የኮሚቴው አባላት ሁሉ ለብሰውት የዋሉትን፣ ከጀርባው «ደስታ በየደጁ» የሚል የተጻፈበትን ሰማያዊ ሰደርያ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ደጅ ለሌላቸው ሰዎች ደስታን በየደጃቸው ለማድረስ መነሳታችሁ ገና ያኔ ሊገርመኝ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ከጨርቁ ጋር የሚሄድ ክር ፍለጋ ላይ ስለነበርኩ ሳላስተውለው አለፈኝ።

ምስጋናዬን ከመዘርዘሬ በፊት አንዲት ሴት ላስተዋውቅዎ። ፊታቸውን በሚገባ ያውቁታል፤ ስማቸውን ግን እንዳልጠየቋቸው እርግጠኛ ነኝ። እማማ ዘይነባ ይባላሉ፤ የከላላ ሰው ናቸው። ባላቸው ሞተው መሬቱም በዘመድ ጠብ ከእጃቸው ከወጣ በኋላ ወደዚህ መጥተው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ቀን በምሠራበት በረንዳ ላይ ኖረዋል። ማታ የስፌት መኪናዬን ወደ ክፍሌ ሳስገባ እርሳቸው ሰሌናቸውን ያነጥፋሉ፤ ጠዋት ስመጣ በረንዳው ተጠርጎ፣ ሰሌኑ ተጠቅልሎ ምሰሶውን ተደግፎ አገኘዋለሁ። አንድም ቀን እጃቸውን ዘርግተው ሲለምኑ አይቼ አላውቅም።

ባለቤቴ ሰብሌ በዓል በመጣ ቁጥር ምግብ በሰሃን ከድና ትልክላቸዋለች። በዚህ ከተማ ለጎረቤት የሚሄደውና ለተቸገረ የሚሄደው ሰሃን መንገድ ላይ እንዳይለይ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ክዳን እንደሚሸፈኑ ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል፤ የእርስዎም እናት እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር አልጠራጠርም። የሥጋ በዓል ከሆነም ሙሐመድአሚን ያረደው ለብቻው ተሠርቶ ይላካል። እማማ ዘይነባ ደግሞ ሰሃኑን ባዶውን መልሰው አያውቁም፤ ከመኪናዬ ሥር የወዳደቀውን የልብስ ቁልፍ ለቅመው፣ በየመልኩ ለይተው፣ በክር ሰክተው በሰሃኑ ላይ አድርገው ይልኩልናል። ቤታችን ውስጥ እንዲህ የተሰካ ቁልፍ አንድ ጣሳ ሙሉ አለ።

ሀያት የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ አጅባር ተድራለች። ዓርብ ዓርብ ከሶላት በኋላ በእኔ ስልክ ትደውላለች። እናትዋ የነገሯት፣ ቁርአን በሚያስተምሩ ሼህ ቤት፣ ከቤቱ ሴቶች ጋር ተከብረው እንደሚኖሩ ነው። እውነቱን ካወቀች ትዳሯን ጥላ ትመጣለች ብለው ፈሩ። ስለዚህ ዓርብ ስልኩ ሲጠራ መኪናዬን አቆማለሁ፤ እርሳቸውን ወደ ክፍሉ አስገብቼም የረዳቶቹ «ደሴ፣ ደሴ» የሚል ጩኸት በስልኩ እንዳይሰማ በሩን እዘጋለሁ። ሦስት ዓመት በር በመዝጋት ውሸት ደግፌያለሁ፣ አላፍርበትም።

አሁን ወደ ምስጋናው ልግባ።

፩ኛ. ስለ ስጦታው። ምድጃ ለሌለው ሰው ዱቄት፣ ድስት ለሌለው ሰው ዘይት፣ ቢላዋ ለሌለው ሰው ደግሞ ነፍስ ያላት ዶሮ መስጠት በሰው ልጅ ላይ ትልቅ እምነት መጣልን ይጠይቃልና ስለዚህ እምነታችሁ እናመሰግናለን። አብዛኞቹ ዶሯቸውን ገና ጸሐይ ሳትጠልቅ እዚያው መናኸሪያው በር ላይ ሸጠዋታል። ከገዢዎቹ አንዱ ሰማያዊ ሰደርያ ለብሶ ነበር፤ ስፌቱ የእኔ ስለሆነ አልተሳሳትኩም።

፪ኛ. ስለ ፊት። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም እማማ ዘይነባን ወደ ዝግጅታችሁ እንዲሄዱ የገፋፋኋቸው እኔ ነኝ። እምቢ ብለው ነበር። ሰው ያየኛል አሉ። እኔ ግን ዘይት አያምልጥዎ፣ ሻርፕዎን ሸፈን አድርገው ተቀብለው ይመለሱ አልኳቸው፤ ሸፈን ማድረግ የሚከለከልበት ምጽዋት ይኖራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። እስከ ዓይናቸው ተሸፍነው ተሰለፉ። በአውራ ጣታቸው አስፈረማችኋቸው። ከዚያ ፎቶ አንሺያችሁ፣ በእናቱ ዕድሜ ያሉትን ሴት «አንቺ፣ ፊትሽን ግለጪው» አላቸው። አልገለጡም። ደግሞ አላቸው። ሦስተኛው ላይ ክቡርነትዎ የዘይቱን ጀሪካን መሬት አስቀምጠው፣ «የሚያሳፍር ነገር የለም፣ የኛው እናት ነሽ» እያሉ ሻርፓቸውን በገዛ እጅዎ ከአፍንጫቸው ወደ አገጫቸው ዝቅ አደረጉት። ካሜራው ብልጭ አለ። ሕዝቡም አጨበጨበ። እኔ ከረድፉ ዳር ቆሜ አየሁ፤ ግን ዝም አልኩ። ስለ ዝምታዬ ራሴንም ተጸይፌዋለሁ፤ ይህን እንደ ወዳጅነት ምልክት ይቁጠሩልኝ፣ የተጸየፍኩት እርስዎን ብቻ አይደለም።

፫ኛ. ስለ ባነሩ። የትንሣኤው ማግሥት ሰኞ፣ ሥራ ፈትቶ የሚውል ሰው ሁሉ አልጋው ላይ ሳለ፣ የመናኸሪያው በር ላይ ያንን የሚያክል ባነር መስቀላችሁ ትጋታችሁን ያሳያል። የእርስዎ ፊት በጎን ነው፤ የእርሳቸው ግን ወደ ፊት ስለሆነ የገብስ ማስጫ ሰፌድ ያህላል። ከሥሩ «ከጎዳና ሕይወት ወደ ተስፋ» ይላል። ከባነሩ እስከ ሰሌናቸው ሃያ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ማታ ሲተኙ ራሳቸውን እያዩ ነው የሚተኙት። አንድ ረዳት በቅን ልቦና «እማማ፣ አምሮብዎታል» አላቸው። እርሳቸው ወደ እኔ ዞረው «ከአጅባር የሚመጣ ሰው የሚገባው በዚህ በር ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በዚህ ነው አልኳቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ስመጣ በረንዳው እንደ ወትሮው ተጠርጓል፤ ሰሌኑ ግን የለም። ዶሮዋ በምሰሶው እግሯን ታስራ ቆማለች። ዱቄቱና ዘይቱ ሳይከፈቱ መቀመጫዬ ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ሰብሌ ለፋሲካ የላከችው ሰሃን ታጥቦ፣ በላዩ ዘጠኝ ነጭ ቁልፍ በክር ተሰክቶበት ነበር። የእኛን መልሰው፣ የእናንተን ጥለው ሄዱ።

፬ኛ. ስለ ፌስቡክ ገጻችሁ። ይህንን በተለይ ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ። የሀያት የባሏ እህት ፎቶውን ከስልኳ ላይ አግኝታ ለቤተሰቡ ሁሉ እየዞረች አሳይታለች። ረቡዕ ስልኬ ጠራ። ዓርብ ሳይሆን ረቡዕ ስለሆነ ምን እንደሆነ ገባኝና አላነሳሁትም። ሐሙስ ልጅቷ ራሷ ሁለት መኪና ቀይራ መጣች። ከባነሩ ሥር ለረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ መንገዱን ተሻግራ ስሜን ጠርታ፣ እናትዋ ዓርብ ዓርብ የሚያናግሯት ከየት ሆነው እንደነበር ጠየቀችኝ። በሩን አሳየኋት። ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ደግማ ከፈተችው። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ከማክሰኞ ጀምሮ ሙሐመድአሚን በየመስጊዱ፣ ሰብሌ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጠይቀዋል። ከላላም ደውለናል። ያያቸው የለም። እኔ ግን የማውቀው ነገር አለ፤ እማማ ዘይነባ ያ ባነር በተሰቀለበት በር ተመልሰው አይገቡም። ልጃቸው በረንዳው ላይ ተቀምጣ እየጠበቀቻቸው ቢሆንም አይገቡም።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምለምነው ቀላል ነገር ነው። ባነሩን አውርዱት፤ ፎቶውንም ከገጻችሁ አንሱት። አረፋ እየተቃረበ ስለሆነ ለእሱም ዝግጅት መጀመራችሁን ሰምቻለሁ፤ መስጠቱ ካልቀረ እባካችሁ የምትሰጡትን ክደኑት። ክዳን ካጣችሁ ሰብሌ ታውሳችኋለች። ሰደርያ ለሚሰፋላችሁ ግን ሌላ ሰው ፈልጉ፤ እኔ ሰማያዊ ጨርቅ ሳይ መቀሱ ከእጄ ይወድቃል።

የክቡርነትዎን የልብ ቸርነት ከነፎቶው፣ ከነጽሑፉና ከነጭብጨባው ለዘመናት ያቆይልን ዘንድ፣ የሚሰጡትም ሳያልቅ፣ የሚቀበልዎትም ሰው ከከተማው ሳይጠፋ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
አምላኩ፣ ልብስ ሰፊ

አባሪ፦ አንዲት ዶሮ (ለፎቶ ስትቆም ልምድ አላት)፣ ዱቄትና ዘይት፣ ሁሉም ያልተነካ

ግልባጭ፦ ለመናኸሪያው ማስታወቂያ ሰሌዳ፤ እንዲሁም አስተያየት መስጫው ካልተዘጋ ለፌስቡክ ገጻችሁ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሐሙስ ማታ ጨርሼ ዓርብ ጠዋት ለጸሐፊዎ ላደርስ ስሄድ፣ ባነር ለማውረድ የኮሚቴው ሙሉ ስብሰባ እንደሚያስፈልግና ስብሰባውም ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደሆነ ተነገረኝ። ጊዜዎን ለመቆጠብ ብዬ ራሴ አወረድኩት፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በውሰት መሰላል። መሰላሉን የያዙልኝ ሰዎች ብዙ ስለነበሩ ስማቸውን መዘርዘር አልቻልኩም። የእማማ ዘይነባን ፊት ዙሪያውን በመቀስ ቆርጬ አወጣሁትና ሀያት አጥፋ ጉያዋ ከተተችው። የቀረው ፕላስቲክ ጥሩ ጠንካራ ስለሆነ፣ በረንዳው ላይ ለሚያድሩት ሰዎች ለበልጉ ዝናብ መከለያ አድርገን ወጥረነዋል፤ እስከ ዛሬ ከሰጣችኋቸው ነገር ሁሉ የጠቀማቸው ይኸው ነው። የእርስዎ ፊት በውጭ በኩል ስለሆነ ዝናቡን የሚቀበለው እሱ ነው። ውሃ የሚያስገባው በመሃል ያለው ክብ ቀዳዳ ብቻ ነው። ከቀዳዳው ሥር ማንም አይተኛም፤ ቦታው የእርሳቸው ስለሆነ ሀያት ጣሳ አስቀምጣበት ትጠብቃለች።