የጠባሳው ቅባትና ያልነበረችው ሸረሪት

ሾፌሩ ወንድሜ፣

ክሊኒክ ሳትሄድ ይህን አንብብ። ዛሬ ለምርመራ ብለው ከጉንጭህ ቆዳ እንዳይቆርጡ፤ በጠባሳህ ላይ ሌላ ጠባሳ ይጨምሩልሃል።

ፊትህ ላይ የወጣውን ሽፍታ ያመጣችው ሸረሪት አይደለችም። ብርጭቆ የምታህል፣ በአንድ እግሯ የምታነክስ ሸረሪት ፊትህ ላይ ስትሄድ አየሁ ያልኩህ ውሸቴን ነው። አንተ ግን አምነኸኝ አልጋህን ብሎን በብሎን ፈታህ። ለሐኪሙም ነገርከው፤ እሱም ግራ ገባው።

እውነቱ ይሄ ነው። የጠባሳ ቅባትህን ለተሰነጠቀው ተረከዜ ጨረስኩት። እንዳታውቅብኝ ብዬ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ከፀጉር ቅባት ጋር በጥብጬ ሞላሁበት። «ይሄ ነገር አረፋ ያወጣ ጀመር እኮ» ስትለኝ፣ «መሥራቱ ነው» አልኩህ።

የቅባቱን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬልሃለሁ፤ ይዘኸው ሂድና ለሐኪሙ አሳየው። እስከዚያ ፊትህን በውሃ ብቻ ታጠብ። ክሊኒክ ውስጥ ለሽፍታው ብለው እንቁላል አትብላ ያሉህም በከንቱ ነው።
እንቁላሉ ግን አልቋል።

ሦስት ጊዜ ልነግርህ ተነስቼ ሦስቴም ቀልድ አወራሁ። ቤቱ ውስጥ መቀመጥ አቅቶኝ ወጣሁ።

ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ሐኪሙ ካላመነህ ጥራኝ፤ እኔው እነግረዋለሁ።
አንዲት ቃል አልጨምርበትም።