ሦስቱ የዋንዛ ክቦች

የካቲት 3፣ ሰኞ፣ ጧት 2፡30። ሞጣ፣ የኮሌጁ ቤተ ሙከራ።

አሁንም ዞረ። ሌዘሩን ከከፈትኩ ሃያ ደቂቃ አልሞላም። የብርሃን ማጉያው ደህና ነው፣ የብርሃኑ ኃይል ቅንጣት አልቀነሰም። የሚወዛወዝበት አቅጣጫ ነው የተለወጠው። ደብተሬ፣ ለስንተኛ ጊዜ ልንገርሽ፤ ይሄ ፖላራይዜሽን የሚሉት ነገር ፋይበሩ፣ ብርሃኑ የሚሄድበት የመስታወት ክር፣ ትንሽ ሲጣመም፣ ትንሽ ሲሞቅ ይዞራል። ፋይበሩን የጠቀለልኩባቸውን ሦስት ክብ እንጨቶች እያሽከረከርኩ እመልሰዋለሁ። ፋብሪካ የሠራው አልተገኘም። አባዬ ቢቸና ካለው የአናጺ ቤቱ፣ ከዋንዛ ጠርቦ ላከልኝ።

መሀለኛው በበጋው ደርቆ ላልቷል። ባቆምኩት ቦታ አይቆምም። ማጉያው የትውስት ነው፣ ቅዳሜ ይመለሳል። እስከ ዓርብ ለክቼ ካልጨረስኩ መመረቂያ ጽሑፌ ቀረ ማለት ነው።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ፣ 6 ሰዓት።

ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል ደወለ። አባዬ ልቡ ደክሞ ሆስፒታል ገብቷል። መጣሁ ስል ስልኩን ለራሱ ለአባዬ ሰጠው። ድምፁ ቀጥኗል። የጀመርሽውን ሳትጨርሺ እንዳትመጪ አለኝ። ቢቸና የግማሽ ቀን መንገድ ናት። ቀረሁ። ታዛዥ ሆኜ ነው ወይስ ሥራዬን ሰስቼ? እንጃ። ምሳ አልበላ አለኝ።

የካቲት 5፣ ረቡዕ፣ 10 ሰዓት።

ጧት ሙሉ ስደውል ስልኩ ዝግ። ከቀትር በኋላ ይበልጣል አነሳ። ተሽሎታል፣ ተኝቷል አለ። ከጀርባው የብዙ ሰው ድምፅ። ጠያቂ በዝቶ ነው አለ። ሲነቃ ስለ ላላው ክብ ጠይቅልኝ አልኩት። ቆይቶ ደወለና ጨርቅ ጠቅልለሽ አጥብቂው ብሏል አለኝ።

ጠቀለልኩ። ያዘ። ደስ አለኝ። አባዬ ታሞም ይሠራል።

የካቲት 6፣ ሐሙስ፣ 9 ሰዓት።

ሁለት ሰዓት ሙሉ አልዞረም! አንድ ልኬት ነው የቀረኝ። ነገ ጧት ጨርሼ ወደ ቢቸና።

ዘበኛው ጋሽ ውበቱ ምሳ ይዘውልኝ መጡ። በሦስት ዓመት አድርገውት አያውቁም። ሁልጊዜ ይሄን መብራት ሳታገቢው አትቀሪም እያሉ ይተርቡኛል። ዛሬ ቀልድ የለም። እስክጨርስ ቆመው ጠበቁ። "ብዪ እንጂ ልጄ፣ ሆድሽ ባዶ አይሁን።" ስልካቸው ሲጠራ ውጭ ወጥተው አነጋገሩ። ምን ነካቸው?

የካቲት 7፣ ዓርብ፣ ንጋት 11፡40። ቤቴ።

ያ ጨርቅ ቀሰቀሰኝ።

የላላ እንጨት በጨርቅ? አባዬ? ልጅ ሆኜ የወንበር እግር በጨርቅ ባጠብቅ ሳምንት ሙሉ አኩርፎኝ ነበር። ጨርቅ የሰነፍ አናጺ ነው ይላል። ቢሞት አይለውም። ይበልጣል ከራሱ ነው ያመጣው። አባዬን ለምን አልጠየቀውም? ረቡዕ ያ ሁሉ ሰው ምን ይሠራ ነበር? እኔ ደግሞ የብርሃን መዞር ስለካ እከርማለሁ።

አገሬን አውቃለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው።

ልኬቱ ይቅር። በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ። ክቦቹንም...

በሩ ተንኳኳ። በቀዳዳው አየሁ። ጋሽ ውበቱ ናቸው፣ ከኋላቸው ሦስት ሽማግሎች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ስሜን ቀስ ብለው እየጠሩ ነው። ትንሽ ይቁሙ። እስክከፍትላቸው ድረስ አባዬ አለ።