አሮጊቷ መርከብ ንቅንቅ አትልም

ይድረስ ለልጄ፤ እንደምን ከረምሽልኝ? እኔም አሮጊቷ መርከባችንም ደህና ነን፤ ሁለታችንም አልሰመጥንም።

ማክሰኞ የወደቡ ኃላፊ ሊያፈርሳት ሠራተኛ ይዞ መጣ። እኛ የምንጠግናት በጎ ፈቃደኞች መወጣጫዋ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ጓደኞቼ በኋላ እንደነገሩኝ፣ ሰውየው ከጀርባዬ ቆሞ ደም ሥሩ እስኪገታተር ጮኸብኝ። እኔ ባሕሩን እያየሁ ንቅንቅ አላልኩም። ደክሞት ሄደ። ጓደኞቼ «ልበ ሙሉ» ብለው አሞገሱኝ፤ እኔም ሙገሳውን ተቀበልኩ።

የበሰበሰውን ሳንቃ በመዶሻ መትቼ በድምፁ እለየው እንደነበር ታውቂያለሽ። አሁን ሌላ ሰው ይመታል፣ እኔ ሳንቃው ላይ መዳፌን እለጥፋለሁ። መዳፍ አይዋሽም።

ስልክ መደወሉን ተዪው፣ ተበላሽቷል። የጎረቤትም ሞክሬ ነበር፤ እሱም ተበላሽቷል። ጻፊልኝ።

ኃላፊው ነገ ይመለሳል አሉ። ይምጣ፤ እንዳሻው ይጩህ።

በደህና ቆዪኝ፤
አናጢው አባትሽ